ሙታን አይከፋቸውምን? በጎንደር ስለ ታሰበው የሌሊት ጉዞ የተደረገ ክርክር

በጎንደር ከተማ ገንዘብ ለማሰባሰብ አንድ ሐሳብ ቀርቧል። ከጃንተከል አደባባይ ተነሥቶ በፋሲል ግቢ ቅጥር ሥር የሚያልፍ፣ ፒያሳን አቋርጦ በቁስቋም ደብር ደጅ የሚያበቃ የሌሊት የእግር ጉዞ ይዘጋጅ፤ ተሳታፊው ዋጋ ከፍሎ ስለ ሙታን መናፍስትና ስለ አጋንንት በየሰፈሩ የሚተረከውን በየጣቢያው እየቆመ ይስማ፤ ገቢውም በሙሉ ለቁስቋም የፈረሱ ግንቦች ጥገና ይዋል የሚል ነው። ከሐሳቡ አቅራቢዎች አንዱ የሆኑ አስጎብኚና ሐሳቡን የሚቃወሙ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርት የተለዋወጡት ጽሑፍ ከዚህ በታች ቀርቧል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስጎብኚው

ቁስቋምን ቀርቦ ያየ ሰው ስለ ምን እንደምናገር ያውቃል። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ጣሪያው ከጠፋ ቆይቷል። በግድግዳው አናት ላይ ሣር በቅሏል፤ ድንጋይን ከድንጋይ ያያዘው ኖራ በየክረምቱ እየታጠበ ይወርዳል፤ በስንጥቁ የገባው የዛፍ ሥር ደግሞ ዓመት በዓመት እየወፈረ ድንጋዩን ከቦታው ይገፋዋል። ቁስቋም ከፋሲል ግቢ ጋር አብሮ በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሥፍራ ነው። ሆኖም እንግዳው ግንቡን አይቶ ይመለሳል እንጂ ዳገቱን ወጥቶ እስከዚያ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ከወረርሽኙና ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ እንግዳው ራሱ ቀንሷል። ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ባጃጅ ወደ መንዳትና ወደ ንግድ ገብተዋል። የውጭ ሰው እስኪመጣ ብንጠብቅ ግንቡ አይጠብቀንም፤ ስለዚህ የከተማው ሰው ራሱ ከፍሎ የሚሳተፍበት ነገር ያስፈልገናል።

ሌላው ዓለም ይህን ካወቀ ቆይቷል። በስኮትላንዷ ኤድንብራ በ1788 በተከፈተው በሳውዝ ብሪጅ ድልድይ ሥር ያሉት ጨለማ ክፍሎች ድሆች ተጨናንቀው ይኖሩባቸው የነበሩና በኋላም ተደፍነው የተረሱ ነበሩ። ዛሬ ማታ ማታ ጎብኚ በቡድን በቡድን እየተመራ ይገባባቸዋል፤ የሚሰማውም በዚያ ስለሚመላለሱ መናፍስት ነው። በእንግሊዟ ዮርክም ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጉዞ ሲደረግ ቆይቷል። እነዚህ ከተሞች ስለ ሙታናቸው በመተረካቸው የደረሰባቸው ውርደት የለም።

የእኛ ከተማ ደግሞ ታሪክ መዋስ አያስፈልጋትም። በጃንተከል ዋርካ ሥር በነገሥታቱ ዘመን የሞት ፍርድ ይፈጸም ነበር። ታላቁ ኢያሱ በ1706 በጣና ደሴት ተገደሉ፤ በዙፋናቸው የተቀመጠው ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በ1708 እርሱም ተወግቶ ሞተ፤ ዳዊት ሦስተኛ በ1721 በመርዝ አለፉ፤ ወጣቱ ኢዮአስ በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ታነቀ። በዚህ ላይ ሕዝቡ በቃል የያዘው አለ፦ ቀትር ላይና በውድቅት በአንገረብና በቀሃ ወንዝ ዳር ስለሚታዩት ጋኔኖች፣ አጋንንት ስለሚያዝዙት ደብተራዎች፣ ሌሊት ጅብ ስለሚሆኑት አንጥረኞች፣ ሦስት ጊዜ እስኪጠራ አቤት ስለማይባልለት ድምፅ። ይህን ሁሉ ከአያቶቻችን ሰምተናል፤ ልጆቻችን ግን የሚሰሙት ከስልክ ነው። በፋኖስ ብርሃን፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ነገሩ በተፈጸመበት ሥፍራ ቆሞ መስማት ለታሪክ ፍቅር ያሳድራል፤ ግንቡንም ያስጠግናል። ሙታን አይከፋቸውም፤ እየተጎዳ ያለው ግንቡ ነው።

መምህርቷ

ይህን ጽሑፍ የጻፈው በክፍሌ ተቀምጦ የተማረ ልጅ ስለሆነ አንተ እያልሁ ብጽፍለት አይቀየመኝም። የቁስቋም ግንብ ይጠገን በሚለው አንለያይም፤ ስለዚህ እርሱን ደግሜ አላነሣም። የምከራከረው ጽሑፉን በዘጋበት ዐረፍተ ነገር ላይ ነው።

ሙታን አይከፋቸውም ብለሃል። ይህን ማን ነገረህ? አንተ ባደግህባት ከተማ ሰው ሲሞት በሦስተኛው ቀን፣ በሰባተኛው፣ በዐርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ ስሙ ይጠራል፤ ደሀ የሆነ ቤተሰብ እንኳ ተበድሮ ተዝካር ያወጣል። ይህ ሁሉ የሚደረገው የሞተው ሰው ከእኛ ጋር ያለው ጉዳይ ስላልተቋረጠ ነው። አርባ አራት ታቦት የሚቆጠርላት ከተማ፣ በየደጀ ሰላሙ ለሙታን ጸሎተ ፍትሐት ሲደረስባት የምታድር ከተማ፣ ሙታኗ ምንም አይሰማቸውም ብላ ገንዘብ ልትሰበስብባቸው አትችልም። አንተ የጠቀስሃቸው ነገሥታት ራሳቸው ያለቀሰላቸው ሰው ነበር። ኢዮአስ ሲታነቅ አያቱ ምንትዋብ በሕይወት ነበሩ፤ የቀራቸውንም ዘመን በዚያው በቁስቋም በሐዘን ፈጸሙት። ያን ሐዘን ነው በበራቸው ላይ ቆመህ ለመሳቂያና ለመደንገጫ የምታቀርበው።

ይህም ሆኖ ስለ ነገሥታት የተጻፈ ነገር ሞልቷል፤ ክብራቸው በአንድ ሌሊት ጨዋታ አያልቅም። እጅግ የከበደኝ በዝርዝርህ መካከል ያሳለፍኸው አንድ ሐረግ ነው፦ ሌሊት ጅብ ስለሚሆኑት አንጥረኞች። እነዚህ አንጥረኞች እነማን እንደሆኑ ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም። ከከተማው በስተሰሜን ባለችው በወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ከእነርሱም ጋር ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው ናቸው። ርስት ተነፍጎ በእጁ ጥበብ የኖረ ሕዝብ የሠራውን ማረሻ ተቀብለን አረስንበት፤ የሠራችውን ማሰሮ ተቀብለን ወጥ ሠራንበት፤ ሠሪዎቹን ግን ቡዳ አልናቸው። ልጅ ሲታመም በእነርሱ ተሳበበ፤ በሽተኛው ማን በላህ እየተባለ ስም እንዲያወጣ ተገደደ፤ ስሙ የተጠራው ሰው ቤት ላይ የደረሰውን ሽማግሌዎች ያውቁታል። አብዛኞቹ በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ዘመቻዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ እዚህ የቀረ ወገን ግን አለ፤ ባለ እጅ የሆነ ሌላውም ሰው እስከ ዛሬ በጋብቻ ጊዜ ዘሩ ይጠየቃል። ይህ ለአንተ ጣቢያ ነው፤ ለእነርሱ ግን ሊወጡበት ያልቻሉት ስም ነው።

የሌላውን ዓለም ምሳሌ ስላመጣህ አንድ እኔም ልጨምር። በአሜሪካ ሴለም በምትባል ሥፍራ በ1692 ዐሥራ ዘጠኝ ሰዎች ጠንቋዮች ናችሁ ተብለው ተሰቀሉ፤ አንድ ሽማግሌም ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ። አንዳቸውም ጠንቋይ አልነበሩም። ከተፈረደባቸው የመጨረሻዋ ስሟ በሕግ የጸዳው በ2022 ነው። ይሁንና ያቺ ከተማ ዛሬ በየዓመቱ በጥቅምት ወር በጠንቋይ ልብስና በጠንቋይ ሥዕል እንግዳ ትቀበላለች፤ በሐሰት የተከሰሱትን ሰዎች በተከሰሱበት ስም ትነግድባቸዋለች። አንተም ወለቃን በተከሰሰችበት ስም ልታሻሽጥ ተነሥተሃል።

በመጨረሻም የሌሊቱ ነገር አለ። የጎንደር ሰው ከመሸ በጎዳና አይገኝም፤ መዝሙረኛው በ103ኛው መዝሙር እንዳለው ሌሊቱን ለአራዊት ትቶ ይገባል። ሰው ከመንገድ እየታገተ ገንዘብ በሚጠየቅበት በዚህ ዘመን ደግሞ እናት ልጇን ገና ጀንበር ሳትጠልቅ ትሰበስባለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሕዝብን በጨለማ አሰልፎ መንዳት የሚያስከትለውን መናገር አያስፈልገኝም።

አስጎብኚው

መምህርት፣ አንተ ቢሉኝ አልቀየምም፤ ይገባዎታል። ልታሻሽጥ ተነሥተሃል ማለትዎ ግን አሳዝኖኛል። እኔ ከጉዞው ለራሴ አንድ ብር አልጠየቅሁም፤ ገቢው በሙሉ ለግንቡ እንደሆነ በመጀመሪያው ጽሑፌ ግልጽ አድርጌአለሁ።

የጎንደር ሰው ከመሸ በጎዳና አይገኝም የሚለውን ሳነብ ስለ ሌላ ከተማ የተጻፈ መሰለኝ። ጥር 10 ማታ ታቦታቱ በፋሲለደስ መዋኛ ሲያድሩ ያ ሁሉ ሕዝብ ጧፍና ሻማ ይዞ፣ ጋቢውን ለብሶ፣ ሣር ላይ ተቀምጦ የሚያነጋው የት ነው? በልደት ሌሊት፣ በትንሣኤ ሌሊት፣ በየደብሩ ዓመታዊ በዓል ዋዜማ መቋሚያና ጸናጽል የሚሰማው በቀን ነው? ጎንደር የአቋቋም ምስክር ቤት የሆነችው በሌሊት ቆማ ነው። አሮጊቶች በበትራቸው እየተደገፉ ከለሊቱ ስምንት ሰዓት ወደ ማኅሌት ሲወጡ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ እርስዎም አይተዋል፤ ምናልባትም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ይህች ከተማ ሌሊቱን ለአራዊት ትታው አታውቅም። መዝሙሩን ከጠቀሱ ዘንድ፣ ያ መዝሙር ሌሊቱንም እግዚአብሔር እንደ ሠራው ይናገራል። መምህርት እንዲህ ያለውን ነገር ያህል ዘንግተው ሲጽፉ፣ ሌላውን ክርክርዎንም በጥርጣሬ እንድመለከተው ይገፋፉኛል።

ስለ ሙታን ክብር ያሉትንም በቁስቋም ራሱ ልመልስልዎት። የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም በሣጥን ሆኖ በዚያ ደብር ይገኛል፤ የመግቢያ ዋጋ ለከፈለ ጎብኚ በጠራራ ፀሐይ ይታያል። እርስዎ ራስዎ ተማሪዎችዎን ይዘው ሄደው ያን ሣጥን አሳይተውናል፤ ይህ የማን አፅም ነው ብለው ጠይቀውናል፤ የመለሰውንም አመስግነዋል። በቀን አጥንታቸውን ማየት ትምህርት ከሆነ፣ በማታ ስለ አሟሟታቸው መስማት ድፍረት የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

ደግሞም ይህን ታሪክ እኛ ካልተረክነው ሌላ ሰው ይተርከዋል። ከፈረንሳይ የመጣው የዳካር ጅቡቲ የጥናት ልዑክ በ1932 ጎንደር ወራት ተቀምጦ ስለ ዛርና ስለ ባለዛሮች አንድ በአንድ ጻፈ፤ ሲሄድም ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎቹን ልጦ ወሰደ፤ በምትካቸው ቅጂ ተለጠፈ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ናቸው። ስለ መናፍስቶቻችን ሊያውቅ የሚፈልግ የጎንደር ልጅ በፈረንሳይኛ እንዲያነብ ተደርጓል። እኛ እናፍራለን፣ እንደብቃለን፤ ሌላው ይሰበስባል።

የአንጥረኞቹን ጉዳይ በተመለከተ፣ የጣቢያዎቹ ዝርዝር ገና ያልጸደቀ ነው። የሐሳቡ መሠረት እርሱ አይደለም።

መምህርቷ

የጣቢያዎቹ ዝርዝር ገና አልጸደቀም ማለት መልስ አይደለም። በገዛ እጅህ ጽፈኸዋል፤ ስትጽፈውም ምንም አልጎረበጠህም። አሁን በአንድ መስመር አሳልፈኸዋል፤ ስለ ሴለምም፣ ስለ እገታውም ቃል አልተነፈስህም። ልብ ብያለሁ።

ማኅሌትን ከጉዞህ ጋር አንድ ማድረግህ ግን አስቆጥቶኛል። ወደ ማኅሌት የሚወጣ ሰው ትኬት አይቆርጥም፤ ለመደንገጥም አይሄድም። የቆመው ለራሱ ነፍስና ለሙታኑ ነፍስ ነው። በቁስቋም ያለው ሣጥንም በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ነው ያለው፤ ካህኑ መስቀል ይዞ ነው የሚያሳየው፤ ፊቱ የቆመ ሰው ነፍስ ይማር ይላል እንጂ አይጮኽም። እናንተንም ወስጄ ሳሳያችሁ ባርኔጣችሁን አውልቁ ብያችሁ ነበር፤ እርሱንም እንደምታስታውሰው ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ፈረንሳዮቹ ያነሣኸው ለእኔ የሚመሰክር ነው። ያ ልዑክ የዛሩን ሥርዓት ቀረብ ብሎ ለማየት ሲል ለመሥዋዕት የሚታረደውን እንስሳ በራሱ ገንዘብ እየገዛ ያቀርብ ነበር። ሥርዓቱ ለሕመምተኛዋ መደረጉ ቀርቶ ለሚከፍለው ሰው ሆነ። ሥዕሉ ከግድግዳው የተላጠው ከዚያ በፊት ሁሉም ነገር ዋጋ ስለ ተተመነለት ነው። አንተ ልዑኩን ትኮንናለህ፣ መንገዱን ግን ትከተላለህ።

ኤድንብራንም አመስግነሃታል። በዚያች ከተማ ግሬይፍራያርስ በሚባለው መቃብር ስፍራ ያለው የጆርጅ ማኬንዚ መካነ መቃብር የመናፍስት ጉዞዎች ዋና መቆሚያ ነው። በ2003 ሁለት ወጣቶች ሰብረው ገብተው የአንዱን ሟች ራስ ቆርጠው አወጡ፤ ተከሰሱም። ሙታን አይከፋቸውም የተባለለት ቦታ መጨረሻው ይህ ነው።

አሁን ወደዚያው ቃልህ እመለሳለሁ፤ እስክትመልስልኝም አልተወውም። የምትተርከው ስለ ኢዮአስ ብቻ ነው? ጉዞህ በፒያሳ በኩል ያልፋል። በቀይ ሽብር ጊዜ በዚህች ከተማ ጎዳና ላይ አስከሬን ተጥሎ ሲያድር ያየን ሰዎች እስከ ዛሬ አለን፤ ሌሊት በዚያ ሲታለፍ ድምፅ ይሰማል የሚባለው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ወሬ አስጎብኚ ሁሉ ያውቀዋል፤ በጨለማ ቆሞ ሳይናገረው የሚያልፍ አስጎብኚ ይኖራል ብዬ አላምንም። ወንድሜ በአንድ ማታ ከቤት ተጠርቶ ወጥቶ አልተመለሰም። እናቴ እንዳታለቅስ ተነግሯት ነበር። በሩን ዘግታ፣ መስኮቱን በጋቢ ሸፍና፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትቀመጥ ነበር፤ ሰው ሲያንኳኳ ቀና አድርጋ ትለብሰውና ትከፍት ነበር። የጎንደር እናቶች ሁለተኛ አልወልድም እስከ ማለት የደረሱበት ዘመን ነው። እናቴ የልጇን መቃብር ሳታውቅ ሞተች። አንድ ሰው ዋጋ ከፍሎ፣ ፋኖስ ይዞ መጥቶ፣ እዚህ ጋ የአንድ ወጣት መንፈስ ይመላለሳል ሲባል ሲሰማ ያ መንፈስ የተባለው የእኔ ወንድም ነው። ለእርሱ አይከፋውም ብለህ ለእኔ ጻፍልኝ።

አስጎብኚው

መምህርት፣ ስለ ወንድምዎ ነፍስ ይማር። ይህን አላውቅም ነበር፤ ያላወቅሁበትን ምክንያት ግን ልናገር ይገባኛል፤ ክርክራችን ከዚህ በኋላ በዚህ ላይ ቢሆን ይሻላል።

በክፍልዎ ተቀምጬ የተማርሁት የነገሥታትን ዘመን ነው። ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን እንደ ቆረቆሩ፣ ታላቁ ኢያሱ የት እንደ ዘመቱ፣ ቴዎድሮስ በ1866 ከተማዋን እንዳቃጠሉ፣ ድርቡሽ በ1888 አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያነድድ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ እንዳስጣለው የተነገረውን ሁሉ በቃሌ ይዤ ወጥቻለሁ። በገዛ ሰፈሬ፣ በየቀኑ በማልፍበት መንገድ፣ በእናቴ ዕድሜ የተፈጸመውን ግን አንድ ቀን እንኳ አልነገሩንም። ሰው ስለዚያ ዘመን ስንጠይቀው ድምፁን ዝቅ ያደርግና ነገር ይለውጣል። ድምፅ ይሰማል የሚለው ወሬ የቀረው ታሪኩን የሚነግረን ሰው ስለ ጠፋ ነው። ልጆች በጨለማ የሚፈሩት ስሙን የማያውቁትን ነው።

ስለዚህ ጉዞው የመናፍስት ይባል ወይም የመታሰቢያ ይባል ለእኔ ዋና ነገር አይደለም። ዋናው በማታ፣ ሰው ከሥራ ሲመለስ፣ በሥፍራው ቆሞ እውነተኛውን መስማቱ ነው። ዓለም ጎንደርን በግንቧ ብቻ ያውቃታል፤ በግንቡና በግንቡ መካከል የኖረው ሰው የሚነገርበት አንድ ሰዓት የላትም። እርስዎ ይህን ሰዓት ሊከለክሉን ነው የተነሡት? ሙታን ይከፋቸዋል ካሉ፣ ምናልባት ይበልጥ የሚከፋቸው ዝም መባላቸው ነው።

መምህርቷ

አይከፋቸውም ብለህ ጀምረህ ዝም ስለ ተባሉ ይከፋቸዋል ወደሚለው ደርሰሃል። መንገዱን ሁሉ እያየሁህ ነው የመጣሁት። የመናፍስት ጉዞ የተባለው ነገርም በመካከል ስሙን ለውጧል፤ የተከራከርሁት ግን በመጀመሪያው ላይ ነው።

አልነገሩንም ስላልኸኝ እመልስልሃለሁ፤ ይህን ቃል ከተማሪዬ መስማት ቀላል አይደለምና። አንተ በተማርህበት ዓመት ደርግ ወድቆ ነበር፤ ስለዚህ መንግሥት ፈርቼ ዝም አልሁ አልልህም። በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ወንበር ላይ፣ አባቱ የተገደለበት ልጅና አባቱ በገዳይነት የታሰረ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም ዐሥራ አራት ዓመት አልሞላቸውም። አንዱ የሌላውን አባት ታሪክ አያውቅም፤ በዕረፍት ሰዓት ዳቧቸውን ተካፍለው ይበሉ ነበር። እኔ ሁለቱንም በስማቸው አውቃቸዋለሁ፤ ስም ጠርቼ ስጀምር ደወል ሲደወል ምን እንደሚፈጠር ታያለህን? አንተ ዝምታ ያልኸው ይህ ነው። ዝም ያልሁት ረስቼ እንዳይመስልህ። አሁን እነዚያ ልጆች አድገዋል፤ ልጆችም አላቸው፤ ሁለቱም በዚህችው ከተማ ናቸው፤ ሁለቱም ትኬትህን ሊገዙ ይችላሉ። በፒያሳ ጣቢያ ፋኖስህን ከፍ አድርገህ ስትናገር ከፊትህ ማን እንደቆመ ታውቃለህ?

ታሪኩ ይነገር ካልህ፣ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2010 የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሂድና እይ። በዚያ የሚናገረው ከመከራው የተረፈው ሰውና የሟች ቤተሰብ ነው፤ ፎቶግራፉና ስሙ በግድግዳው ላይ ነው፤ በሩ ላይም ትኬት የሚቆርጥ የለም። በጎንደርም እንዲህ ይሁን፤ በቀን ይሁን፤ ባለቤቶቹ ይናገሩት።

አስጎብኚው

ትኬት አይቆረጥም፤ የመዋጮ ሣጥን ግን አለ፤ የገባ ሰው የሚያስገባው ያስገባበታል። እንዲያ ከሆነ በእኔና በመምህርት መካከል ያለው ልዩነት የሣጥንና የትኬት ብቻ ሆኗል ማለት ነው። በነጻ ይሁን፣ በቀን ይሁን፣ ባለቤቶቹ ይናገሩት ሲሉ ኖራውን ማን እንደሚገዛ፣ ግንበኛውን ማን እንደሚከፍል አንድም ቦታ አልጻፉም። ክረምት ሲገባ ሌላ ድንጋይ ይወርዳል፤ እርስዎ በተከራከሩት ልክ ግንቡ አይቆይልንም። ሐሳቡን አሻሽዬ ለደብሩ አስተዳደር አቀርባለሁ፤ በፒያሳ ያለውን ጣቢያ አንሥቼዋለሁ። የጃንተከሉና የቁስቋሙ ግን ይቀራሉ፤ በእነርሱ ላይ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ የሚጎዳ ቤተሰብ የለም።

መምህርቷ

ስለ ወለቃ አሁንም አልጻፍህም፤ ዝርዝሩን ስታሻሽል የአንጥረኞቹ ጣቢያ ይነሣ አይነሣ አንድ ቃል የለም። ኖራውን በሚመለከት፣ ለቁስቋም የሚለመን መዋጮ በስሙ ይለመን፤ በጥምቀት ሰሞን ከመላው አገር በሚመጣው ሕዝብ ፊት የደብሩ ካህናት ደጅ ላይ ቢቆሙ ማንንም ሳያስደነግጡ ይሰበስባሉ፤ እኔም የጡረታዬን ድርሻ ይዤ እመጣለሁ። ለደብሩ በምታቀርበው ደብዳቤ ላይ የእኔም ተቃውሞ አብሮ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ፤ የሚነገረውም ጽሑፍ ማንም ሳይሰማው በፊት በወለቃ ላሉት ባለ እጆች ተነቦ እሺታቸው ይጠየቅ። እሺ ካላሉ የጃንተከሉም የቁስቋሙም ይቅር።